እንጉዳዩን ብርድ አልገደለውም፤ ታፍኖ ነው የሞተው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ያስተማርኳችሁ ልጆች ደግሞ "ቲቸር ዛሬም አልለቀቀንም" ሳትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ ሰሞኑን ገንዘብ አዋጥታችሁ "እንጉዳይ ልንጀምር ነው" የምትሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ሄጄ ነበር። የጠራኝ ከስድስት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተዋል። ቤቱ ውስጥ ያንን ከውጭ የሚመጣውን፣ በዚፕ የሚዘጋውን፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ድንኳን ተክለዋል። ድንኳኑ ውስጥ 120 ከረጢት የኦይስተር እንጉዳይ ደርድረዋል። ለሁዳዴ እንዲደርስላቸው ነው። ጾም ሲገባ የካዛንቺስ ሆቴሎች እንጉዳይ ይፈልጋሉ፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ ስሌታቸው አልተሳሳተም።

ዚፑን ሲከፍተው የወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የእርጥብ ካልሲና የኮመጠጠ ሊጥ ድብልቅ ዓይነት ነገር። ገባ ብዬ ሳይ ከጣሪያው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ግማሹ ከረጢት አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። የበቀለውም ቢሆን እንጉዳይ አይመስልም። ግንዱ እንደ ጣቴ ረዝሞ ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባርኔጣ አለች። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ስትነኩት ያሟልጫል።

ሦስቱም ዝም ብለው ፊቴን ያያሉ። ለሥልጠና፣ ለድንኳን፣ ለማሽንና ለዘር በድምሩ 94,000 ብር አውጥተዋል። ከዚህ ውስጥ የሁለቱ ድርሻ የእቁብ ነው። የሦስተኛው ድርሻ እናቱ ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ ዕቃቸውን ሸጠው፣ ቤት ቀይረው፣ የተረፈቻቸው ብር ናት።

"አሠልጣኙን ጠይቃችሁታል?" አልኩ።

"ደውለንለት ነበር ቲቸር። ብርድ መትቶት ነው አለን። ሙቀት ጨምሩ፣ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ አስገቡና ዚፑን ዝጉት አለን።"

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚች ዓረፍተ ነገር ስል ነው። ከሦስቱ አንዱ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከድንኳኑ አጠገብ፣ ፍራሽ ዘርግቶ ሌባ እየጠበቀ ያድራል!

የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ራስ ምታት ይጀምርህና እንቅልፍ ይወስድሃል፤ ከዚያ በቃ። በዚህ ከተማ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ አልነሳም ሲባል ያልሰማንበት የብርድ ወቅት የለም። አንድ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሰርተፍኬት ሰጥቶ፣ ለሦስት ልጆች በስልክ "ከሰል አስገቡ" ይላል። ስሙን አልጠራም። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙን ጠርቼ በተገላገልኩ ነበር። ግን በቴሌግራምና በቲክቶክ ይህንኑ የሚደጋግሙ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የሚሸጡት አንድ ዓይነት "ሙሉ ፓኬጅ" ነው። ድንኳን፣ ጭጋግ ማውጫ ማሽን፣ መብራት፣ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ፣ እና ሁለት ቁጥር፦ "ሙቀት 25፣ እርጥበት 90"።

እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ራሴው ልናገረውና ስድቡ ላይ አትድከሙ። ግን ሙቀትና እርጥበት የግብርና ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የአየር ጉዳይ ነው፤ አየር ደግሞ የእኔ ትምህርት ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። እነዚህን ልጆች ያከሰራቸው ብርድ አይደለም፣ የእርጥበት ማነስም አይደለም። ያከሰራቸው የተዘጋ ዚፕ ነው።

ከድንኳኑ ልጀምር። ለምንድነው ውስጡ የሚያብለጨልጨው? ብርሃን እንዲያንጸባርቅ ነው። ለምንድነው ብርሃን የሚፈልገው? ለተክል ስለተሠራ! ፈረንጅ አገር ብርዱ ሲበረታ ሰዎች ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አበባ ምናምን ቤት ውስጥ በመብራት የሚያሳድጉበት ድንኳን ነው። ተክል ብርሃን እያገኘ የተቃጠለ አየር ይስብና ኦክስጅን ያወጣል። እንጉዳይ ግን ተክል አይደለም። ቅጠል የለውም፣ አረንጓዴ ነገር የለውም፣ ምግቡን ከብርሃን አይሠራም። እሱ እንደ እኔና እንደ አንተ ነው የሚተነፍሰው። ኦክስጅን ይስባል፣ የተቃጠለ አየር ያወጣል፣ ሲተነፍስም ይሞቃል። ጭዱ ውስጥ ገና ድሩን በሚዘረጋበት ጊዜ የከረጢቱ ውስጥ ከክፍሉ አየር በጥቂት ዲግሪ በልጦ ይገኛል፤ እጃችሁን አስገብታችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን 120 የሚተነፍስ ከረጢት በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ዝጋበት። ሰው ሞልቶ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ አስቡ፤ ከሜክሲኮ ሳሪስ፣ ዝናብ እየዘነበ። በቃ እሱ ነው።

ኦይስተር እንጉዳይ ድሩን በሚዘረጋበት ወቅት የተቃጠለ አየር ይችላል፤ እንዲያውም አይከፋውም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁሉም ነገር ደህና የሚመስለው። ከረጢቱ ነጭ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። ችግሩ የሚመጣው ማበቢያው ላይ ነው። እንጉዳዩ ከጭዱ ወጥቶ ባርኔጣውን የሚዘረጋው ንጹሕ አየር ሲያገኝ ነው። ካላገኘ ግንዱን እያስረዘመ አየር ፍለጋ ይንጠራራል። ያ እንደ ጣት የረዘመ ግንድና እንደ ቁልፍ ያነሰ ባርኔጣ "ታፈንኩ" ማለቱ ነው። ብርድ እንዲህ አያደርግም። ብርድ ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ አያስረዝመውም። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው ከማንም ወጣት ላይ የሥልጠና ገንዘብ መቀበል የለበትም።

አሁን ወደ "እርጥበት 90" እንምጣ። ቁጥሩ ራሱ ውሸት አይደለም። ኦይስተር ሲያብብ ከ80 እስከ 90 በመቶ ገደማ ይፈልጋል። ግን 90 በመቶ የምን? እዚህ ጋ ነው ማንም የማይነግራችሁ። አንጻራዊ እርጥበት የውሃ መጠን አይደለም። አየሩ አሁን ባለበት ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው ውሃ ውስጥ ስንት እጁን ተሸክሟል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲለወጥ የመሸከም አቅሙ ይለወጣል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ እስከ 23 ግራም የውሃ እንፋሎት ይሸከማል። በ12 ዲግሪ ከ11 ግራም አይበልጥም። በ8 ዲግሪ 8 ግራም ገደማ ነው።

ይህን የአዲስ አበባ ጥር ላይ አምጡት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። በበጋ ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ ቀኑ ደግሞ ያነዳል። ንጋት ላይ 8 ዲግሪ ሆኖ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፤ አየሩ ጠግቧል፣ 100 በመቶ ነው። ያው አየር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 25 ዲግሪ ሲደርስ ስንት በመቶ ይሆናል? 36 ገደማ። አንድ ጠብታ ውሃ አልተወሰደበትም እኮ! ሙቀቱ ብቻ ነው የጨመረው። እንግዲህ "ደረቀ፣ ሙቀት ጨምሩ" የሚል ምክር ስትሰሙ ሳቁ። በሞቃችሁት ቁጥር መለኪያው ይወርዳል።

የጨርቆሱ ቤት ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መለኪያው ሲወርድባቸው ደንግጠው ማሽኑን ይለቁታል፣ በመርጫም ይረጫሉ፣ 90 እስኪል ድረስ። ከዚያ ዚፑን ዘግተው ይሄዳሉ። ሌሊት ቆርቆሮው በረዶ ይሆናል፤ ድንኳኑ ውስጥ ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል። ድንኳኑ 2 በ3 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2 ሜትር ነው፣ 12 ሜትር ኩብ አየር። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ መሸከም ያቃተውን 10 ግራም ውሃ ይጥላል። 120 ግራም፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ። የት ይጥለዋል? በመጀመሪያ በሚቀዘቅዘው ነገር ላይ፣ ማለትም በፕላስቲኩ ጣሪያ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እንጉዳዩ ጭንቅላት ላይ። ያን ጊዜ ባክቴሪያው ቡናማ ነጠብጣቡን ይሠራል። ከእርጡብ ጭድና ከከረጢቱ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ እየተነነ ይተካል፤ ሌሊቱን ሙሉ።

ስለዚህ ድንኳኑ ቀን ደረቅ፣ ማታ ረግረግ ነው። በቀን አንዴ መለኪያ አይቶ "90 ነው፣ ደህና ነው" የሚል ሰው የበሽተኛውን ትኩሳት ሰኞ ለክቶ ለሳምንቱ ሙሉ የሚያወራ ሐኪም ነው።

መለኪያው ራሱስ? እሱም ሌላ ጉድ ነው። ከልጆቹ ተቀብዬ ቤት ወሰድኩት። የጠርሙስ ክዳን ላይ የወጥ ጨው አድርጌ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት። ጨውንና መለኪያውን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ አሳደርኳቸው። እንዲህ የረጠበ ጨው በተዘጋ ቦታ ውስጥ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ ይሄ ጨውን ፈጣሪ የሰጠው ጠባይ ነው፣ ከኩባንያ የሚገዛ አይደለም። ጠዋት ሳየው መለኪያው 68 ይላል። በ7 ዝቅ አድርጎ ይናገራል ማለት ነው። እነሱ "90 አደረስነው" ሲሉ እውነቱ 97 ነበር። እየደጋገሙ ውሃ ያፈሰሱት በውሸታም ምስክር ነው። እስቲ ከእናንተ ውስጥ የገዛችሁትን መለኪያ የፈተነ እጁን ያውጣ። የሸጣችሁ ሰውዬ ፈትኖታል?

አሁን ደግሞ ግቢው ውስጥ ስላገኘኋት ነገር ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ጠላ ይሸጣሉ። እኔ ከልጆቹ ጋር ስከራከር ሰምተው መጡና ከበሩ ላይ ሆነው "እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር አስተማሪ፤ ይሄ ነገር ታፍኗል። ብቅል ሲታፈን እንዲህ ነው የሚሸተው" አሉኝ። ልጆቹ ያኔ ስቀውባቸዋል። ምክንያቱም እሳቸው ሰርተፍኬት የላቸውም።

እስቲ ብቅል እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ በኮባ ይጠቀለላል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ማብቀል ሲጀምር ይተነፍሳል፣ ይሞቃል። እትዬ በየጊዜው እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሙቀቱን ያዩታል። ከጋለ ገለጥ ያደርጉታል፣ ያናፍሱታል፣ ከደረቀ ውሃ ያርከፈክፉበታል፣ መልሰው ይሸፍኑታል። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር፣ ሦስቱንም አንድ ላይ፣ ያለ ባትሪ! በብርድ ወር ደግሞ የሊጡን ቡሃቃ ጋቢ ያለብሱታል። እሳት ግን ቡሃቃው ውስጥ አያስገቡም።

ያኔ አፈርኩ። በልጆቹ ብቻ አይደለም፤ በራሴም። ያ ልጅ 9ኛ ክፍል እያለ ፈተና ላይ ጠይቄው ነበር፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ሳይለወጥ ሙቀቱ ቢጨምር አንጻራዊ እርጥበቱ ምን ይሆናል? "ይቀንሳል" ብሎ አክብቦ ነጥቡን አግኝቷል። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያው ልጅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መለኪያው ሲወርድበት ውሃው የጠፋ መስሎት ይረጫል። ታዲያ ያንን ነጥብ ለምን ሰጠሁት? ማክበቡን አስተማርኩት፣ አየሩን አላስተማርኩትም። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ልብስ በነፋስ ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ንጋት ላይ ለምን እንደሚያነባ፣ ሁሉም አንድ ትምህርት መሆኑን አላሳየሁትም። አሠልጣኞቹ ባዶ ቦታ አገኙና ገቡበት። ባዶውን የተውነው እኛ ነን።

አንዳንዶቻችሁ የምትሉኝን አውቃለሁ። "ቲቸር፣ ወጣቱ ሥራ ሲፈጥር ለምን ታስፈራራዋለህ?" ኧረ አላስፈራራም! እንጉዳይ ጥሩ ሥራ ነው። መሬት አይፈልግም፣ ጭድና የጥጥ ፍሬ ገለባ ይበቃዋል፣ በወር ተኩል ውስጥ ምርት ይሰጣል፣ የጾም ምግብ ነው፣ የበላው ሰው ይወደዋል። እኔ የምቃወመው ሥራውን አይደለም። የምቃወመው ሥራውን ወደ ሁለት ቁጥርና አንድ ዚፕ አሳንሶ መሸጥን ነው። ተስፋ የሚቆርጠው እኔ ስናገር ሳይሆን የእናቱ የመጨረሻ ብር አረንጓዴ ሲሆን ነው።

"ሁሉም ሻጋታ ከአየር እጦት ነው ወይ?" ካላችሁ፣ አይደለም። ጭዱ በደንብ ካልተቀቀለ አረንጓዴው ገና ከመጀመሪያው ይቀድመዋል። የውጭ መጽሐፍ 100 ዲግሪ ቢልም አዲስ አበባ ላይ በክፍት በርሜል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። ለጭድ 60 እና 80 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ማቆየት ስለሚበቃ ይሄ ብዙ አይጎዳም፤ ሰጋቱራና ፉርሽካ ለምትጠቀሙ ግን ክፍት በርሜል አይበቃም። የእነዚህ ልጆች ሻጋታ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ጀምሮ ነው የመጣው። ስለዚህ በርሜሉን አትክሰሱት።

"እሺ ታዲያ ምን እናድርግ?" ለሚለው፣ እኔ በዚህ ሳምንት ከልጆቹ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። ያብለጨለጨውን ድንኳን ነቅለን አወጣነው። መብራቱንም። እንጉዳይ ሲያብብ ብርሃን የሚፈልገው ጋዜጣ ማንበብ የሚያስችል ያህል ብቻ ነው፤ በመስኮት የሚገባው ይበቃል። ከቆርቆሮው ሥር የጆንያ ኮርኒስ ወጠርን፣ በላዩ ላይ ደረቅ ጭድ ዘረጋንበት። ይሄ ብቻውን የቀኑን ግለትና የሌሊቱን ብርድ ለዘብ አደረገው። ከኮርኒሱ ሥር ፕላስቲክ ወጠርን፤ ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ያዘነበለ፣ ጤዛው ከእንጉዳዩ ላይ ከመንጠባጠብ ይልቅ ወደ ጎን እንዲፈስ።

መስኮቱ ላይ የቃጫ ጆንያ ሰቀልን፣ ውሃ አርከፈከፍንበት። ከሰዓት በኋላ የሚገባው ደረቅ አየር በእርጥቡ ጆንያ ሲያልፍ ይረጥባል፣ ይቀዘቅዛልም። የእንስራው ጥበብ ነው። ከማዶ፣ ከበሩ በላይ፣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከፍተን ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ፋን ገጠምንበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ነው። ረጅም ጊዜ ከፍቶ ማድረቅ አይደለም፣ ዘግቶ ማፈንም አይደለም፤ ቶሎ ቶሎና አጭር አጭር። ሌሊት የሚገባው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ስለዚህ ዋናውን ማናፈስ በቀን አድርጉት። እንጉዳዩ ራሱ በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ ሌሊት ጥቂት ይበቃዋል።

ለሌሊቱ ብርድ ከሰል አይደለም፣ ውሃ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዙ አሥር ቢጫ ጀሪካን ሞልታችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁሟቸው፤ ሲመሽ ወደ ክፍሉ አስገቧቸው። በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዙ የሚለቁት ሙቀት የ1,000 ዋት ማሞቂያ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሰጠውን ያህላል። ጭስ የለው፣ የመብራት ሂሳብ የለው። "ቲቸር ይከብዳል" አለኝ አንዱ። ከብዶህ ነው ወይስ እስክትለምደው?

ሌላው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አይደር። ይህን በከሰሉ ምክንያት ብቻ አይደለም የምለው። ኦይስተር ሲደርስ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ይበትናል፣ በዓይን በደንብ አይታይም፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እንጉዳይ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ የተነሣ የሳንባ ሕመም እንደሚይዛቸው የታወቀ ነው። እዚያ የሚያድረው ልጅ ሳል ጀምሮታል፤ "ጉንፋን ነው" ይላል። ፍራሹን አስወጥተናል። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ፤ እስከ ዓርብ ካልሄደ ራሴ እወስደዋለሁ። ለቀማ ላይ ማስክ ማድረግ፣ ባርኔጣው ጠርዙ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ መልቀም፤ ያኔ ዱቄቱም ይቀንሳል፣ ጣዕሙም የተሻለ ነው።

ከ120ው ከረጢት የተረፈው 34 ብቻ ነው። 86ቱን ከክፍሉ አርቀን፣ ግቢው ውጭ ወስደን ጣልናቸው። ሳይሸከሙት በፊት ልጁ አንዱን ከረጢት አቅፎ ትንሽ ቆመ። እኔም ዞር አልኩ። ለሁዳዴ የታሰበው ምርት አይደርስም፤ ይደርሳል ብዬ አልዋሸኋቸውም። አሠልጣኙ ገንዘብ ይመልሳል የሚል ተስፋም የለኝም። ደውዬለት ነበር። "አንተ ማነህ?" አለኝ፤ "አስተማሪያቸው" አልኩት፤ "እኔም አስተማሪያቸው ነኝ" ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው፤ ሁለታችንም አስተምረናቸዋል።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ በብቅል እጃቸው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ "ይሄ ሞቋል፣ ይሄን አራርቁት" ሲሉ ልጆቹ በደብተር ይጽፉ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፎቶ ላኩልኝ። ከመስኮቱ አቅራቢያ ካሉት ከረጢቶች በአንዱ ላይ፣ ግንዱ አጭር፣ ባርኔጣው የልጅ መዳፍ የሚያህል አንድ ጉብል በቅሏል። አንድ ነው፤ ሽንብራ ሳይዘሩ ሹሮ እንዳታስቡብኝ።

በካዛንቺስ፣ በጨርቆስ፣ በቄራ፣ በየትም ያላችሁ፣ ድንኳን የገዛችሁም ልትገዙ ቀብድ የከፈላችሁም፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ጨርቆስ እዚያው ግቢ ነኝ። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ገንዘብ አይከፈልም፣ ሰርተፍኬትም የለም። መለኪያችሁንና ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዛችሁ ኑ፤ ጨው እኔ ጋ አለ።